ሰው ቆጣሪውና ገንዘብ ተቀባዩ አንድ ሲሆኑ፦ በቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ የተገለበጠች ጀልባ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው በአንድ የኅዳር እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ለመዝናናት የሄዱ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የተሳፈሩባት ትንሽ የሞተር ጀልባ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንዱ ላይ የተገለበጠችበትን ሁኔታ ነው። በጀልባዋ ላይ ነጂውን ጨምሮ 13 ሰዎች ነበሩ። ሕይወቱን ያጣ ሰው የለም። ሆኖም አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ውሃ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ሆስፒታል ተኝታ ታክማለች፤ አንዲት እናት ደግሞ ትከሻቸው ወልቆ ለወራት ከሥራ ርቀዋል። በፋብሪካው የሥራ ላይ ደኅንነት ባለሙያ በመሆኔ ጉዳዩን እንዳጣራ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ተሳፋሪዎቹን፣ ነጂውን፣ በመሳፈሪያው ላይ ገንዘብ ይቀበል የነበረውን ወጣትና ሰዎቹን ያወጡትን ዓሣ አጥማጆች አነጋግሬአለሁ፤ ጀልባዋንም በሜትር ለክቻለሁ። የሰዎቹን፣ የጀልባ ማኅበሩንና የሐይቁን ስም ያልጠቀስሁት ማንንም ለመክሰስ ስላልተነሣሁ ነው።

ማንም ሰው ያልሞተበት አደጋ በእኛ አገር በየትኛውም መዝገብ ላይ ሰፍሮ አይገኝም። በየክረምቱ በወንዝና ድንጋይ ተፈልጦ በቀረ ጉድጓድ ውስጥ የሰጠሙትን የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች አስከሬናቸውን ሲያወጡ በዜና እንሰማለን። ለጥቂት የተረፉት ግን ቤታቸው ገብተው፣ ጠበል ጠጥተው፣ «እግዚአብሔር አወጣን» ብለው ነገሩን ይተዉታል። እኔም አመስጋኝ ነኝ። ይሁን እንጂ ስለ አደጋ የበለጠ የሚነግረን የተረፈው ሰው ነውና ቃሉ ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳስበኛል።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ በገላንና በዱከም በኩል ከተማው ሳይቋረጥ እየተያያዘ በመምጣቱ ለአቃቂ ሰው የሰንበት መዋያ እንጂ ሩቅ አገር አይደለችም። ሐይቆቿ በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ለተራ ጎብኚ ይህ የጂኦሎጂ ወሬ ሊመስለው ይችላል፤ ለጀልባ ግን ዋናው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳርቻው ቀስ እያለ የሚጠልቅ ሳይሆን ጥቂት እርምጃ እንደተሄደ ገደል ነው፤ የባቦጋያ ጥልቀት ከ60 ሜትር ያልፋል፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዳር ብዙም ያልራቀ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት አያገኝም። ጠዋት እንደ መስተዋት የረጋው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይለወጣል፤ በገደል የተከበበ በመሆኑም ዳር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ነፋሱ መሐል ላይ ምን ያህል እንደበረታ አይታወቀውም።

ጀልባዋ ከፋይበር ግላስ የተሠራች፣ ጣሪያ የሌላት፣ 5.5 ሜትር ርዝመትና በሰፊው ቦታዋ 1.8 ሜትር ስፋት ያላት ነበረች። ኋላዋ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጥሞላታል። (ሐይቆቹ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሞተሩ ከተጻፈበት ጉልበት አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ነጂዎች ጭነት ሲበዛ «ሞተሩ ደከመ» የሚሉት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።) በውስጧ አራት አግዳሚ መቀመጫዎች አሉ። ስንት ሰው እንደምትችል የሚገልጽ ጽሑፍ በየትኛውም ጎኗ ላይ አልነበረም። የሕይወት አድን ጃኬቶች ግን ነበሩ፤ አሥር ጃኬቶች በጆንያ ታስረው ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የአዋቂ ልክ ናቸው፤ የሦስቱ ማያያዣ ተሰብሯል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ስምንት አዋቂዎችና አራት ልጆች ተሳፈሩ። በመሳፈሪያው የነበረው ወጣት ከአዋቂ 100 ብር፣ ከልጅ 50 ብር ተቀበለ። ጀልባዋ ስትነሣ ከውሃው በላይ የቀረው ጠርዟ አንድ ስንዝር ያህል እንደነበር ዓሣ አጥማጆቹም ተሳፋሪዎቹም በየፊናቸው ነግረውኛል። ከዳር 150 ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ፣ ከአዋቂዎቹ መካከል ምሳ ላይ ቢራ የቀማመሱ ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው ፎቶ ለመነሣት ቆሙ፤ ሌሎቹም ወደ ቀኝ ጎን ተጠጉላቸው። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ውሃ በጠርዟ በኩል ገባ። ነጂው ደንግጦ ጋዙን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። አደጋው የከፋው እዚህ ላይ ነው፤ ከኋላ የተጫነች ጀልባ በድንገት ስትቆም ስትሄድ ራሷ የፈጠረችው ሞገድ ይከተላትና ሞተሩ በተሰካበት ዝቅ ያለ ሰሌዳ በኩል ይገባባታል። እንደዚያው ሆነ። ወለሏ ላይ የገባው ውሃ አንዴ ከኋላ አንዴ ከጎን እየተንከባለለ ሚዛኗን ነሣትና ቀስ ብላ ተገለበጠች። «ዘጭ ብላ አልተገለበጠችም፤ እያየናት ነው የዞረችው» ብለውኛል ትከሻቸው የወለቀው እናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው ሰዎቹ የተረፉበትን ምክንያት በትክክል ማወቅ ስለሚገባ ነው። የተገለበጠችው ጀልባ አልሰጠመችም፤ ሰባት ሰዎች ሆዷን ይዘው ቆዩ። በገመድ የታሰረው የጃኬት ጆንያ ከመቀመጫው ሥር ተላቆ ተንሳፈፈ፤ አንድ አባት ልጁን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጆንያውን አቅፎ ተረፈ። ሳይለበሱ የቀሩት ጃኬቶች አንድ ሰውና አንድ ልጅ ያዳኑት በዚህ ሁኔታ ነው። የስድስት ዓመቷ ሕፃን ከጀልባዋ ሥር ቀርታ ነበር። አንድም ድምፅ አላሰማችም፤ የሚሰጥም ሰው ለመተንፈስ እንጂ ለመጮኽ ፋታ አያገኝም። መጥፋቷን ያስተዋለው ነጂው ነው፤ ጠልቆ ገብቶ ልብሷን ይዞ አወጣት። የዚህ ወጣት ጥፋት ከታች ይነሣል፤ ይህ ሥራውም አብሮ ሊጻፍለት ይገባል። በአቅራቢያው መረባቸውን ይሰበስቡ የነበሩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ሌሎቹን አንድ በአንድ አወጡ። የማኅበሩ ሁለተኛ ጀልባ ከሐይቁ ማዶ ነበረች፤ የምትጠራበት ፉጨት ወይም ሌላ ምልክት ስላልነበረ የደረሰችው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጀልባዋ ስንት ሰው ትችል ነበር የሚለው ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የአቅም ሰሌዳ ለሌላቸው ከ6 ሜትር ለሚያንሱ ጀልባዎች የሚመክረው ቀላል ስሌት አለ፤ ወደ ሜትር ሲመለስ ርዝመቱን በስፋቱ አባዝቶ ለ1.4 ማካፈል ነው። የእኛዋ ጀልባ 5.5 በ1.8 ሲባዛ 9.9፣ ለ1.4 ሲካፈል ሰባት ሰው ይሆናል፤ ያውም ነጂውን ጨምሮ፣ ያውም ውሃው ጸጥ ሲል። የተጫነባት 13 ነው። ይህን ስሌት በመሳፈሪያው ላይ በአፈሩ ላይ ጽፌ ሳሳያቸው ነጂዎቹ አልተከራከሩኝም። ልኩ ከሰባት ብዙ እንደማይርቅ በልምዳቸው ያውቁታል፤ በሥራ ቀን የሚጭኑትም ከስድስት እንደማይበልጥ ነገሩኝ። እሑድ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው የጃኬቱ ነገር ነው። ነጂውን ለምን ሳይለበሱ እንደቀሩ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ልበሱ ብንላቸው እሺ አይሉንም፤ አንዱ ልብሴ ይቆሽሻል ይላል፣ ሌላው ፎቶ ላይ አያምርብኝም ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተሳፋሪዎቹም አልካዱትም። ነገር ግን ጃኬት በጀልባ ውስጥ መኖሩና በሰው ላይ መኖሩ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2022 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ የሞቱ 636 ሰዎችን መዝግቧል፤ የአሟሟታቸው ምክንያት ከታወቀው መካከል ሦስት አራተኛዎቹ የሞቱት በመስጠም ሲሆን፣ ከሰጠሙት ውስጥ 85 በመቶው ጃኬት አልለበሱም ነበር። ለሞት በዳረጉ አደጋዎች ከታወቁት ምክንያቶች ቀዳሚው ደግሞ መጠጥ ነው። በዚያው አገር የፌዴራል ደንብ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በተንቀሳቃሽ ጀልባ ላይ ከዝግ ክፍል ውጪ ሲሆን ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው፤ «አለ፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱ» ማለት አይበቃም። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት ማልበስም መፍትሔ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ በእጅጌ መግቢያው ሾልኮ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሦስተኛው ጉዳይ ነው። በመሳፈሪያው ላይ ሰው የሚቆጥረው ማን ነው? ገንዘብ የሚቀበለው ወጣት። ክፍያው ስንት ነው? ከሰበሰበው ገንዘብ ከመቶ አሥር። ማለትም ሰባተኛውን ሰው «በቃ» ብሎ የሚመልሰው፣ ስምንተኛው ሲሳፈር ኪሱ የሚሞላለት ያው ሰው ነው። ጀልባዋ በዚያ ዙር ያስገባችው 1,000 ብር ሲሆን፣ በአቅሟ ልክ ብትጭን ኖሮ ከዚያ ቢያንስ አራት መቶ ብር ይጎድላል። በታክሲ ረዳት ላይ የምናውቀው ነው፤ «ሞልቷል» የሚለውን ቃል ከረዳት አፍ የሰማ ሰው ብዙ አይደለም። ወጣቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ ለሳምንት እህል ያልቀመሰ ልጅ ነው። በእሱ ቦታ ማንንም ብናስቀምጥ እሑድ ከሰዓት ላይ እንደዚያው ይጭናል። ስለዚህ ጥፋቱን በእሱ ጸባይ ላይ የሚጥል ማጠቃለያ ለሚቀጥለው እሑድ ምንም አይፈይድም።

ይህ ነገር የእኛ ድህነት ያመጣው ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ በሚገባ የተጣራ የውጭ አገር አደጋ ላንሣ። ሐምሌ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ብራንሰን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ቴብል ሮክ ሐይቅ ላይ በየብስም በውሃም የምትሄድ የጎብኚዎች ጀልባ ሰጥማ ከ31 ሰዎች 17 ሞተዋል። ይህች ጀልባ እንደ እኛዋ ያልተመረመረች አልነበረችም። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርምሮ የሰጣት ሰርተፍኬት ነበራት፤ ነፋሱ በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር ወይም ሞገዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ካለፈ እንዳትወጣ በግልጽ ተጽፎባታል። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ለዚያ አካባቢ የከባድ ማዕበል ማስጠንቀቂያ ያወጣው ወደ ውሃው ከመግባቷ ከ20 ደቂቃ በፊት ነበር። ጃኬቶችም ነበሩ፤ ልበሱ የሚል ትእዛዝ ግን አልተሰጠም፤ ጣሪያዋና የጎን መጋረጃዎቿም ሰዎቹ እንዳይወጡ ከለከሏቸው። የዚህ ዓይነት ጀልባ ጣሪያ አደገኛ መሆኑን የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በአርካንሳስ 13 ሰዎች ከሞቱበት የ1991 ዓ.ም. አደጋ በኋላ አስጠንቅቆ ነበር። ደንብ፣ ሰርተፍኬት፣ ማስጠንቀቂያና ጃኬት ሁሉ እያለ የጎደለው «ዛሬ አትወጣም» የሚል፣ ከቲኬቱ ገንዘብ ጋር ያልተነካካ ሰው ነው። ለመውጣት የወሰነው ቲኬቱን የሸጠው ድርጅት ራሱ ነበር።

በዚያ ግዛት የውሃ ላይ ፖሊስም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመንገድ ፖሊሱ ጋር ተዋህዶ በአንድ ስም ይሠራል። የመዝናኛ ጀልባ አስቁሞ ጃኬት ይቆጥራል፣ ምዝገባ ያያል፣ ነጂው መጠጣቱን ይፈትሻል፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ነጂ የደኅንነት ትምህርት የወሰደበትን ካርድ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቁጥጥር ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን በእኛ ጉዳይ ላይ ሐይቅ መሐል የሚዞር የፖሊስ ጀልባ ቢኖር እንኳ የሚደርሰው ጭነቱ ከተጫነ በኋላ ነው። እኒህ ሐይቆች ትንንሽ ናቸው፤ መሳፈሪያዎቻቸው ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ሕግ ማስከበር የሚገባው መሳፈሪያው ላይ፣ ጀልባዋ ገመዷን ከመፍታቷ በፊት ነው። ለዚህ ሞተርና ነዳጅ አያስፈልግም፤ ከገንዘቡ የተለየ አንድ ሰው፣ በጀልባዋ ጎን ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥርና የመከልከል ሥልጣን ይበቃል።

ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። የ1952ቱ የባሕር ሕግ የወጣው አገሪቱ ምጽዋና አሰብ በነበሯት ዘመን ሲሆን፣ ዐይኑም በትልልቅ መርከቦች ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 549/1999 የተዋቀረውና ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የሚባለው ተቋም የአገር ውስጥ ውሃ ትራንስፖርትንም ይመለከታል። በዚህ ጉዳይ ግን የጀልባ ማኅበሩ በእጁ የነበረው የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሰጠው ጽሕፈት ቤት ጀልባዋን አይቷት አያውቅም፤ የሚጠበቅበትም አልመሰለውም። ማኅበሩም የሚያስመዘግብበትን ቦታ ሲጠይቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እንደተላከ ሊቀመንበሩ ነገሩኝ።

ፖሊስ በዕለቱ መጥቶ ቃል ተቀብሏል። በቸልተኝነት የሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 የሚያስጠይቅ ነውና መሠረት አልጠፋም። ዳሩ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌዎች ገቡ። ማኅበሩ የሕክምናውን ወጪና እናትየዋ ከሥራ ለቀሩበት ጊዜ ካሣ ለመክፈል ተስማማ፤ ነጂው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሕፃኗ አባት አነሡት። እርቁን አከብራለሁ፤ ፍርድ ቤት በዓመታት የማይሰጠውን ሰላም በአንድ ከሰዓት ሰጥቷል። የማዝነው ሽምግልናው የተጎዳውን ሰው ሲክስ መሳፈሪያውን እንዳለ በመተዉ ነው። እርቅ በወረደ በማግሥቱ እሑድ ያው ወጣት፣ ያው ከመቶ አሥር፣ ያችው ጀልባ ሥራ ላይ ነበሩ። በጎኗ ላይ የተጻፈ ቁጥርም አልነበረም።

በዚህ ምክንያት ለሽማግሌዎቹ ተመልሼ ሄጄ የስምምነቱ አካል የሚሆን አንድ ተጨማሪ ወረቀት እንዲፈረም ጠየቅሁ። መጀመሪያ «የታረቀን ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ» ተባልሁ። የሕፃኗ አባት ናቸው የደገፉኝ፤ «የኔ ልጅ ተርፋለች፤ የሚፈረመው ለሌላ ሰው ልጅ ነው» አሉ። ማኅበሩም ሳይቃወም ፈረመ። በወረቀቱ መሠረት በሁለቱም ጀልባዎች ጎን ላይ የሰው ልክ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የልጆች ልክ የሆኑ ስድስት ጃኬቶች ተገዝተዋል፤ ጃኬት ያልለበሰ ሰው ሲኖር ሞተር አይነሣም፤ ነጂው ከቦታው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ እጁ ላይ ያስራል፤ ፉጨት በየጀልባው ተሰቅሏል፤ ነፋሱ የሞገዱን ጫፍ ነጭ ማድረግ ሲጀምር ሥራ ይቆማል። ገንዘብ ተቀባዩ በኮሚሽን መሥራቱ ቀርቶ የቀን ክፍያ ይከፈለዋል።

ያልተቋጨው ቆጣሪው ነው። በወረቀቱ ላይ «ከማኅበሩ ገቢ የማይከፈለው ሰው ይቆጥራል» ተብሎ ተጽፏል፤ ማን ይክፈለው የሚለው ግን ባዶ ቀርቷል። እስከዚያው ድረስ አደጋው በደረሰ ዕለት ሰዎቹን ያወጡት አንደኛው ዓሣ አጥማጅ በእሑድ ከሰዓት በበጎ ፈቃድ ይቆጥራሉ። ሰው ያከብራቸዋል፤ ሰባተኛውን ሲመልሱ የሚከራከራቸው አልታየም። ነገር ግን ኑሯቸው ከመረባቸው ላይ ነው፤ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ሲደራ መሳፈሪያው ላይ ሊቆሙ አይችሉም። ፋብሪካችን በበኩሉ ለሠራተኞች የሽርሽር ቀን ብቻ የሚቆጥር ሰው እየመደበ ነው። ለሌሎቹ እሑዶች የአንድ ሰው የቀን አበል የሚሸፍን በጀት እንዲመደብ ለከተማው አስተዳደር በማኅበሩና በሽማግሌዎቹ ስም ማመልከቻ ገብቷል፤ የማመልከቻው ግልባጭም የጀልባዎቹን ልክና የአቅም ስሌት ይዞ ከዚህ ጥናት ጋር ተያይዟል።